ስማርት ሰው የነበረ ጊዜ

ደሴ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስማርት የሚባለው ሰው ነበር። ሬዲዮ ጥሩ ይባላል፣ ሰዓት ኦሪጅናል ይባላል፣ ብስክሌት አዲስ ይባላል፤ ስማርት ግን የእገሌ ልጅ ነው። ቃሉ የፈረንጅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንስማማም ነበር፤ ወደ ከተማችን የገባው በሁለት በር ነዋ። በአንደኛው በር ያስገባው እንግሊዞች ያዘጋጁት የመማሪያ መጽሐፍ ነው። እዚያ ውስጥ ስማርት ማለት ልብሱ የጠዳ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ጸጉሩ በወግ የተበጠረ ልጅ ነው። በሌላው በር ያስገቡት በ1955 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣት መምህራን ናቸው፤ ደሴም ደረሱ። ለእነሱ ስማርት ማለት ጭንቅላቱ የሰላ ነው። ልብስ ጉዳያቸው አልነበረም፤ አንዳንዶቹ የሸሚዛቸውን ጫፍ ሱሪያቸው ውስጥ መክተት እንኳ የሚታክታቸው ነበሩ። ስለዚህ አንዱ «እሱ እኮ ስማርት ነው» ሲል ሌላው «በእንግሊዝ ነው በአሜሪካ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በሁለቱም ስማርት የሆነ ከተገኘ ብዙ ጊዜ የወይዘሮ ስህን ተማሪ ነው ይባል ነበር፤ እኛ ሌላ ቦታ የምንማረው ደግሞ ይህን በደስታ አንሰማውም።

ዛሬ በደሴ ፒያሳ ላይ የሚነገረው ስማርት ስልክ ነው። ቴሌቪዥን ነው። የመብራት ቆጣሪ ነው። የመማሪያ ክፍል ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ ደግሞ ከተማ ነው። በእኛ ዘመን ቅጽል የነበረው ቃል ዛሬ ስም ሆኖ ብቻውን ይሄዳል፦ «ስማርት አለህ?» ብለው ይጠይቁሃል። ባለ ቁልፏን ስልክ ከኪስህ አውጥተህ ስታሳይ ጠያቂው አንገቱን ሰበር ያደርጋል፤ ነፍስ ይማር ሊል የቃጣው ይመስላል። ከዚያም «በቃ በቴክስት እልክልሃለሁ» ብሎ ይሄዳል። አይልክም።

ስማርት መሆን ያኔ ሥራ ነበረው። ቅዳሜ ማታ ሱሪው በልኩ ይታጠፋል፣ ውሃ እርከፍከፍ ይደረግበታል፣ ከፍራሽ ሥር ይተኛል፤ ባለቤቱም እላዩ ላይ እንዳይገላበጥ ተጠንቅቆ ያድራል። የከሰል ካውያ ያለው ቤት ሰፈሩን ሁሉ ያስተናግዳል። ካውያው በር ላይ ይወጣና ፍሙ እስኪቀላ ይራገባል፣ አመዱ እፍ ተብሎ ይራገፋል፣ ሙቀቱ በምራቅ በራሰ ጣት ይሞከራል። ጭስ ብሎ ከጮኸ ደርሷል። አንዲት ብልጭታ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካረፈች የሳምንቱ ስማርትነት እዚያው ያበቃል፤ ልጁም እሑድን ከቤት ሳይወጣ ያሳልፋል። ፎቶ ቤቱ ኮትና ከረባት ያውሳል። ኮቱ አንድ ነው፤ ለቀጭኑ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ይያዝለታል፣ ለወፍራሙ ሳይቆለፍ ይቀራል። የዚያ ዘመን የደሴ ልጆች ፎቶ ቢሰበሰብ ግማሹ ትውልድ በዚያ አንድ ኮት የተነሣ መሆኑ በክርኑ ጥፍጥፍ ይታወቃል።

ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ ደንቡ ሌላ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ግን ሐረጎን እየተጠማዘዙ ወርደው ሲጨርሱ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለዋል። በጦሳ ጉም ውስጥ ስማርት ያሰኘ ኮት እዚያ ላብ ነው። የኮምቦልቻ ስማርት እጅጌ አጭር ሸሚዝ ይለብሳል፣ ጥቁር መነጽር ያደርጋል፤ መነጽሩን ያመጣለት በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እኛ የደሴዎቹ «የሾፌር ስማርት» እያልን እንንቃቸው ነበር። እነሱም ኮታችንን በክንዳችን አንጠልጥለን ስንሄድ እያዩ ይስቁ ነበር። ማን ልክ እንደነበር ዛሬም መፍረድ ይከብዳል፤ መነጽሩ ግን ያምር ነበር።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ራሱን ስማርት ነኝ የሚል አልነበረም። ማዕረጉን የሚሰጠው ሰፈሩ ነው፤ የሚነሣውም ሰፈሩ ነው። ለብሶ ወጥቶ አዛውንት ሳይሳለም ያለፈ ልጅ በማግሥቱ «እሱ ደግሞ ምን ስማርት ነው» ይባላል። የወሎ ሰው ሸጋ በሚለው ቃል የሚያደርገውን በዚህም አደረገው፦ መልክን፣ ጠባይንና አነጋገርን አንድ ላይ ጠቅልሎ ከተተበት። በየትኛውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሽማግሌ መሳለም የስማርት ትርጉም ሆኖ አይገኝም። ደሴ ውስጥ ግን ነበር።

ዛሬ ማዕረጉ ከፋብሪካ ነው የሚመጣው፤ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ሰፈር አይጠየቅም። ሰዎቹን የምንጠራበት ቃል ደግሞ ለየብቻ ተከፋፍሏል። ሱፍና ከረባት ያደረገ ሰው «ፕሮቶኮል ለብሷል» ይባላል፤ የሚለበሰውም ለሠርግና ለምረቃ ነው፣ በማግሥቱ ይሰቀላል። ፈተና የሚደፍነው «ሰቃይ» ነው። መጽሐፍ የማይለየው «ቀለሜ» ነው፤ ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ሹፈት። ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ስም የለም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ጠፍቶ አይደለም፤ ባለፈው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታክሲ ውስጥ ሲጨዋወቱ ሰምቼ ሦስቱንም የሆነች ልጅ አይቻለሁ። ጓደኞቿ «ናይስ ናት» ነበር የሚሏት። ናይስ! ለሻይም እኮ ይህንኑ ነው የሚሉት።

እንግሊዝኛን ለአማርኛ ተናጋሪ ከፈቱት ሰዎች አንዱ የደሴ ልጅ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ደሴ ተወልደው ካይሮና ጀርመን ተምረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በ2006 ዓ.ም. ነው ያረፉት። ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ያዘጋጁት እንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በፈረንጅ 1973 በኦክስፎርድ ታተመ። መጽሐፉ አንድ ቃል አንድ ትርጉም አለው ብሎ ለሚያስብ ተማሪ መዓት ነው፤ ቃሉን በአጭር በአጭር ሐረግ ውስጥ እያስገባ እዚህ ላይ እንዲህ ነው፣ እዚያ ላይ እንዲያ ነው ይልሃል። እኛ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተከፍለን ስንሟገት የኖርንበት ቃል ገና ሌላ ዘመድ አዝማድ እንዳለው የገባን እንዲህ ዓይነት መጻሕፍት እጃችን ሲገቡ ነው።

ዘመዶቹን ግን ከመጽሐፉ በፊት በአካል አውቀናቸዋል። አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩን፤ ክፍሉ ውስጥ አንዱ አፈ ቀላጤ ሲመልስላቸው «ዶንት ቢ ስማርት ዊዝ ሚ!» ይላሉ። ልጁ የተመሰገነ መስሎት ፈገግ ይላል። እሳቸው ደግሞ ማስመሪያቸውን ያነሣሉ። በደሴ ጠዋት ብርድ የደነዘዘ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ማስመሪያ መጀመሪያ አይሰማም፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚለበልበው። ያ መለብለብም በእንግሊዝኛ ስማርት ይባላል፤ ይባስ ብሎ የቃሉ የጥንት ትርጉም እሱ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ስማርት ማለት የሚያም፣ የሚቆጠቁጥ ማለት ነበር። ከዚያ ፈጣንና ብርቱ ሆነ፣ ከዚያ ብልህ፣ ከዚያም ለባሽ። እና እኒያ መምህር ቃሉን ከሥሩ ነበር የሚያስተምሩን፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተጓዘውን በሁለት ደቂቃ፣ ያውም ያለ መዝገበ ቃላት።

ቃሉ ከሰው ወደ ዕቃ የተሻገረውም በስልክ አይደለም። ቀድሞ ስማርት ተብሎ ስም ያወጣ ዕቃ ቦምብ ነው። አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት መጨረሻ ዒላማውን ተከትሎ የሚሄደውን ቦምብ እንዲያ ብለው ጠሩት፤ ካርዱም ስልኩም ከዚያ በኋላ የመጡ ታናናሾቹ ናቸው። ስልካችንን ስንደባብስ ባይታወሰን አይፈረድብንም።

ያ መዝገበ ቃላት የታተመበት ዓመት ወሎ የተራበበት ዓመት ነው። ከሰሜኑ ቆላ የተፈናቀለው ሕዝብ በትልቁ መንገድ ዳርና ዳር ተኮልኩሎ እጁን ለአላፊ መኪና ይዘረጋ ነበር። እኛ ከተማ ውስጥ ሱሪያችንን ከፍራሽ ሥር እናስተኛለን። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ የዚህ አገር ሹማምንት ግን ነገሩ እንዳይሰማ ሲደብቁት ከርመዋል። ከዚያ በኋላ ካውያውን የተወ ልጅ ነበር። ማንም ሳይነግረው የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ ትምህርት ቤት መምጣት ጀመረ፤ ስማርት ብሎት የነበረው ሰፈር ምን እንደሚለው አልጨነቀውም። አብዮቱ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠና ከረባት ያደረገ በአድኃሪነት ተጠረጠረ። ኮምቦልቻ በ1970ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲከፈትላት የከተማው ወግ ልብስ ሰማያዊ ቱታ ሆነ። የፋብሪካ ልጅ መባል ያኩራራ ነበር፤ ቱታቸውን በካውያ የሚተኩሱም ነበሩ። ልማድ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ከሼዶቹ በአንዱ የወንድ ሙሉ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ለአሜሪካ ገበያ። ከየወረዳው የመጡ ልጃገረዶች ቀኑን ሙሉ የሌላ አገር ወንድ ትከሻና ኪስ ይገጥሙ ነበር። እኛ በፎቶ ቤት ኮት የምንሻማበት ከተማ አጠገብ ኮት በመስመር ተሰልፎ ሲወጣ ማየት እንደ ተአምር ነበር፤ የሚገዛው ግን እዚህ የለም። ከዚያ ጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። የፓርኩ ንብረት ተዘረፈ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ዋሽንግተን ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ የአጎዋ ዕድል አነሣች። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ዱላ መሆኑ ነው።

በዚያው ጦርነት ስማርቱ ስልክም ልኩን አየ። ከተሞቹ እስከ ኅዳር 27 ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ኔትወርክ አልነበረም፣ መብራት አልነበረም። ያን ሰሞን ወሬ የሚያደርሰው እግረኛ ነበር፤ ከገራዶ የመጣ፣ ከሐይቅ የመጣ፣ አንድ ስም በልቡ ይዞ አሥር ቤት የሚያንኳኳ። ከዓመት ከምናምን በኋላ፣ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት እንደገና ተዘጋና ለወራት ሳይከፈት ቆየ። ሰው ስልኩን አልጣለም፤ ባትሪ እንደሆነ፣ ፎቶ ማያ እንደሆነ፣ የሌሊት መብራት እንደሆነ ይዞት ቆየ። ያኔ ባለ ቁልፏን የያዝን ሰዎች ትንሽ ቀና ብለን ሄደናል፤ አልዋሽም።

ስለ ትምህርቱም ላንሣ። በእኛ ጊዜ አሜሪካዊው መምህር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያስተምራል፤ ይህ ብቻውን ጉድ ነበር። የሚናገረው ሳይገባን ሲቀር ይደግማል፣ ከዚያ ይሥላል፣ ከዚያ በእጅና በእግሩ ያሳያል። አንድ ቀን ስማርት የሚለውን ቃል በሁለቱም ትርጉም ሊያስረዳን ብሎ የራሱን ሸሚዝ እያሳየ «ኖ»፣ ጭንቅላቱን እየነካ «ሜይቢ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ቃሉንም ከዚያ በኋላ የረሳ የለም።

በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ተሰቀለ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ መምህሩ አብሪና አጥፊ ሆነ። ሳጥኑ ይናገራል፣ አይጠይቅም፣ አይደግምም። መብራት ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ስማርት ክፍል የሚባለው ተራ ላይ ነን። በመካከሉ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ፤ በ2015ም 3.2። የጦርነት፣ የኮቪድና የኩረጃ ታሪክ አለበትና ሁሉንም በሳጥኑ ላይ መላከክ ግፍ ነው። ቢሆንም ግድግዳው ስማርት በሆነ ቁጥር አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ ስማርት መባሉ ሲቀንስ እያየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

የድሮውን ከፍ ከፍ ለማድረግ ግን የማይመቸኝ ምክንያት አለ። ያ ሁሉ የሰፈር ማዕረግ የተማሪ ጨዋታ ነበር፤ ተማሪውም ጥቂት ነው። ከመቶ ኢትዮጵያዊ 90 ያህሉ ማንበብ በማይችልበት ዘመን፣ ሴት ልጅ በክፍሉ ውስጥ በጣት በምትቆጠርበት ዘመን፣ በሁለት በር የገባ ቃል ላይ መከራከር የጥቂቶች ቅንጦት ነው። ካውያ ያለው ቤት ልጅ ከሌለው ቤት ልጅ ቀድሞ ስማርት ይሆን እንደነበርም የታወቀ ነው። ሸሚዝ አንድ ብቻ ያለው፣ ጭንቅላቱ ግን የሰላ ልጅ «የአሜሪካው» ተብሎ ይቀለድበት ነበር።

ፊደል ያልቆጠረች እናት ዛሬ ኮምቦልቻ ጉልት ላይ ቃሪያዋን ደርድራ ሪያድ ካለች ልጇ ጋር ፊት ለፊት ታወራለች። ደብዳቤ የሚጽፍላት፣ የሚያነብላት፣ በመካከሉም ምስጢሯን የሚሰማ የጎረቤት ተማሪ አያስፈልጋትም። «እማ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጊው፤ ግንባርሽ ብቻ ነው የሚታየኝ» ትላለች ልጅቱ። «ይኸው፣ አሁንስ?» «አሁን ቃሪያው ነው የሚታየኝ።» ለዚች እናት ያ የእኛ ስማርት ምንም አላደረገላትም፤ ይሄኛው አድርጎላታል። የድምፅ መልእክትም ትልካለች፤ ብሩም በቴሌብር ሲገባላት ድምፁን ለይታ ታውቀዋለች።

መናኸሪያው አካባቢ ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ። ከሳዑዲ የሚላኩት ስልኮች ቋንቋቸው ዐረብኛ ሆኖ ይመጣል፤ እሱ ዐረብኛ አያነብም። መስመር ይቆጥራል። ባለ ጥርሷን የማስተካከያ ምልክት ይነካል፣ ወደ ታች ይጎትታል፣ ከታች ሁለተኛው፣ ከዚያ የመጀመሪያው፣ ከዚያ ረጅሙን ዝርዝር ወርዶ እንግሊዝኛውን ያገኘዋል። ሁሉም ነገር በደቂቃ ይለወጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ የጣለው እንግሊዝኛ ነው፤ ራሱ ነው የነገረኝ። «እንግሊዝኛ አልችልም» ይላል፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ አንብቦ የቱን መንካት እንደሌለበት እየለየ። በየትኛው መዝገብ ውስጥ እንደማስገባው አላወቅሁም፤ ሸሚዙም የተተኮሰ አልነበረም።

ባለፈው እዚያ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሽማግሌ ሴት በሻሽ የተጠቀለለ ስልክ ይዘው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ስማርት ነው?»

«ስማርት ነው እማማ። ቋንቋው ነው የተበላሸብዎት።»

«ስንት ትላለህ?»

«ሁለት መቶ።»

«ልጄ ከጅዳ ድረስ በነፃ ልካው፣ አንተ ለመዳበስ ሁለት መቶ? ተው እንጂ የኔ ሸጋ።»

በመቶ ብር ተስማሙ። ልጁ ጨርሶ ሲሰጣቸው ገለባብጠው አዩትና፣ መስታወቱንም ለጥፍበት አሉት፤ በዚያው በመቶው ውስጥ።